የሰንበቴ እሑድ፤ ገበያ፣ ዳጉ እና አበጋር

እሑድ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጀውሃን ያለፈ መንገደኛ ሰንበቴ ሲደርስ መኪናው ማዝገሙ አይቀርም። መንገዱን ግመልና ሰው ሞልቶታል። በስተምሥራቅ ካለው ቆላ፣ ከአፋር ምድር፣ ግመሎች በሰልፍ ይገባሉ፤ ከኋላቸው ፍየል፣ ከፍየሉ ኋላ ቅቤ የያዙ ሴቶች ይከተላሉ። በስተምዕራብ ካለው ተራራ የወረደው ደገኛ ጤፉንና ባቄላውን በአህያ ጭኗል። የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬ ማሽላውንና ማሾውን ያወጣል፤ አርጎባው ጨርቁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሁሉም በየቋንቋው ይናገራል፤ ሁሉም የሌላውን ቋንቋ ቢያንስ ዋጋ ለመጠየቅና ሰላምታ ለመስጠት በሚበቃ መጠን ያውቃል። ሁለቱንና ሦስቱን አጥርቶ የሚናገር ደላላ ደግሞ መሀላቸው ይመላለሳል።

ሰንበቴ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳዋ የሚገኘው በአማራ ክልል ሥር ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ሲሆን የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ከተማዋ ግን የሰንበትን ስም ይዛ ቆይታለች። ለክርስቲያን ጆሮ ሰንበቴ ማለት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚጠጣው የእሑድ ማኅበር ነው። እዚህ ሰንበቴ ማለት ገበያ ነው።

ገበያው የሚሸጠው እህልና ከብት ብቻ አይደለም። እሑድ ሰንበቴ የሚውል ሰው የት እንደዘነበ፣ የማን ከብት እንደታመመ፣ በየትኛው ቀበሌ ጥይት እንደተተኮሰ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሰምቶ ይመለሳል። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ በሰሜን በኩል ታላቁ የባቲ ገበያ ይቆማል። ቀኖቹ እንዲህ ተከታትለው ስለቆሙ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ወሬውም አብሮት ያልፋል። ፖስታ ቤትና ስልክ ሳይመጡ በፊት የኢፋትና የወሎ ቆላ አራት ሕዝቦች እርስ በርስ የሚተዋወቁት፣ የሚታረቁትም በዚህ መንገድ ነበር።

ስለዚህ አካባቢ በዜና የሚሰማው በአብዛኛው የግጭት ወሬ ነው። ግጭቱ እውነት ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ይህን ምድር በግጭቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ትልቁን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያልፋል። ግጦሽና ውሃ ጠባብ በሆነበት፣ ብዙው ወንድ መሣሪያ በሚይዝበት፣ አራት ሕዝቦች በአንድ መንገድ ዳር በሚኖሩበት አገር ይህን ያህል ዘመን ገበያው እየቆመ የኖረው እንዴት ነው? መልሱ በአመዛኙ የንግግር ሥርዓት ነው፤ ማን ለማን፣ በማን በኩል፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደሚናገር የተደነገገበት ጥንታዊ ሥርዓት።

ታሪኩ ሩቅ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ ኢፋትን የአካባቢው ኃያል አደረጋት። የኢፋት ጉልበት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ ነበር። ይህን መንገድ የያዘ ጨውን፣ ጨርቁንና ቀረጡን ይይዛል፤ መልእክተኛውንም ይይዛል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ የኢፋቱ ገዥ ሐቀዲን ከካይሮ ሲመለስ የነበረን የንጉሡን መልእክተኛ ይዞ አሰረው፤ በኋላም ገደለው። ንጉሡ ዘመተ። ኢፋት ተሸነፈች፤ ለሐቀዲን ወንድም ለሰብረዲንም ተሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1332 ሰብረዲን ራሱ ሲያምፅ ጦርነቱ እንደገና ተቀሰቀሰ፣ ከፊተኛውም ሰፋ።

ለዚያ ጦርነት ብዙ ምክንያት መደርደር ይቻላል፦ ሃይማኖት፣ ግብር፣ የንግድ መንገድ። ዜና መዋዕሉ ግን የመልእክተኛውን መያዝ ከፊት ማስቀመጡ የዘመኑን ሰው አስተሳሰብ ያሳያል። የማይነካ ሰው ተነካ። ቃል ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ከተገደለ በሁለቱ መሀል የሚቀረው ጦር ብቻ ነው። ይህ የመልእክተኛ ክብር ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም በዚያው አካባቢ የሽምግልና መሠረት ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

የኢፋት ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም በተራራው ወገብ ላይ ይታያል። ኖራና አስበሪ ላይ የመስጊዶችና የመቃብሮች የድንጋይ ግንብ በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ተጠንቷል። ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው ኮረብታ ላይ የተሠራችው የአርጎቦች መንደር ሾንኬ ደግሞ የድንጋይ ቤቶቿን ትከሻ ለትከሻ አያይዛ እስካሁን ሰው ይኖርባታል።

ዘመን አልፎ ወላስማዎች ከሱልጣንነት ወደ ሹመት ወረዱ፤ የበር ጠባቂነታቸው ግን አልቀረም። በሐምሌ 1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ድንበሩ ላይ የጠበቀው ወላስማ መሐመድ ነበር። ማዕረጉ አበጋዝ ነው። ከምሥራቅ የሚመጣ እንግዳ፣ ነጋዴም ሆነ ደብዳቤ፣ በእሱ በኩል ካልሆነ ወደ አንኮበር አይወጣም። በጎንጮ የነበረው የመንግሥት እስር ቤትም በእሱ እጅ ነበር። ሃሪስ በጉዞው ካማረሩት ነገሮች አንዱ በበረሃው የነበረው ማለቂያ የሌለው ጉባኤ ነው። በእያንዳንዱ ጎሣ ድንበር ጓዙ ይቆማል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይመከራል። ለቸኮለው እንግሊዛዊ ይህ ጊዜ ማባከን መሰለው። ለባለ አገሩ ግን ያለዚያ ንግግር ያለፈ ጓዝ የተወረረ መሬት ማለት ነው። ሃሪስ ሳይገባው በመጽሐፉ የመዘገበው የአንድን ሕዝብ የደኅንነት ሥርዓት ነበር።

የዚያ ሥርዓት እምብርት ዳጉ ነው።

ሁለት አፋሮች በመንገድ ቢገናኙ ሰላም ተባብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ። ከብቱም ይቆማል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያየውንና የሰማውን በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ሲጨርስ ተራው ይለወጣል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ጠፋ ግመል፣ ስለ ታመመ ሰው፣ ስለ ገበያ ዋጋ፣ ስለ መጣ እንግዳ፣ ስለ ጸብ ይነገራል። አድማጩ መሀል ገብቶ አያቋርጥም። ሲያልቅ ይጠይቃል፦ ይህን ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከሰማኸው ከማን? እሱስ አይቷል?

ከዳጉ ሥርዓት ሁሉ ትልቁ ይህ ጥያቄ ነው። የሰማውን እንዳየ አድርጎ የተናገረ ሰው ስሙ ይበላሻል፤ ሐሰት የተናገረ ደግሞ በባህሉ ይቀጣል። ሰው አልባ በሆነ በረሃ የተሳሳተ ወሬ ተራ ሐሜት አይደለም። ዘንቧል የተባለበት ቦታ ካልዘነበ ከብት ያልቃል። ጠላት ሄዷል የተባለበት ቦታ ካልሄደ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የወሬው ተቀባይም ግዴታ አለበት፤ የተቀበለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለቀጣዩ ያደርሳል። አንድ ዜና ከአንዱ ጎሣ ዳርቻ ወደ ሌላው በሰው እግር ብቻ በጥቂት ቀናት የሚደርሰው፣ ደርሶም የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው። በአማርኛ ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምር ይባላል፤ ዳጉ ያንን ምክር ለሁሉም ግዴታ ያደረገ ሥርዓት ነው።

ዳጉ ነገሩን ያደርሳል፤ የሚፈርደው ማብሎ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የአፋር የሽማግሌዎች ችሎት የሚመራው መዳአ በሚባለው በቃል በሚወረስ ሕግ ሲሆን ሕጉ ነፍስ መግደልን፣ አካል መጉዳትን፣ ንብረት ማጥፋትንና ስድብን ሳይቀር ይለያል። ስድብ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ክፉ ቃል እንደ ቁስል ተቆጥሮ ካሣ የሚጠየቅበት ሕግ የንግግርን ጉልበት አሳምሮ ያወቀ ሕግ ነው።

በኦሮሞው በኩል ጃርሳ ቢያ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌ፣ አለ፤ ነፍስ ሲጠፋ ደግሞ የደም ካሣና የእርቅ ሥርዓቱ ጉማ አለ። በአማራው በኩል ሽምግልናው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቁ፣ የነፍስ ካሣው አለ። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የማይበተንበት አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ነበረ። በዚህ ጉባኤ ላይ ያየ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ ለተመረጡ ሰዎች በምስጢር ይናገራል፤ ነጋሪው ወፍ ይባላል። የወፉ ስም አይወጣም። ምስክር ከበቀል ተጠብቆ እውነቱ እንዲወጣ የሚያደርግ ብልሃት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ንጹሕ ሰው ይጎዳበት እንደነበርም አይካድም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱን ጸብ የሚፈታበት መንገድ ነበረው። ችግሩ ጸቡ ድንበር ሲሻገር ነው። የአፋሩ መዳአ ደገኛውን አያስገድድም፤ የደገኛው ዳኛም አፋሩን አያገኘውም። የሦስቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሦስቱም የሚያከብሩት፣ ከማንም ጦር የማይነካው ሰው ያስፈልግ ነበር። በወሎና በኢፋት ቆላ ያ ሰው አበጋር ነው።

አበጋርነት በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ የሚወርደው ግን ለበኩር ልጅ ሳይሆን ለሚገባው ነው። አበጋሩ ሃይማኖቱን የሚያውቅ፣ ዱዓው ይደርሳል ተብሎ የሚታመን፣ ምላሱ ያልቸኮለ ሰው ይሆናል። ክርስቲያኑም ይሰማዋል። ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም። ያለው ምርቃቱና እርግማኑ ነው፤ የአበጋር እርግማን ደግሞ በዚያ አገር ከወህኒ ይበልጥ ያስፈራል።

ነፍስ ሲጠፋ አሠራሩ እንዲህ ነው። ገዳዩና የቅርብ ዘመዶቹ ከአካባቢው ይርቃሉ። ከሟች ወገን ፊት እንዳይታዩ፣ ወደ ገበያም እንዳይወጡ ይመከራሉ፤ የዚያን ሰሞን እሑድ ሰንበቴ የማይመጣ ሰው ለምን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። አበጋሮቹ ወደ ሟች ቤተሰብ ይሄዳሉ። ቤት አይገቡም፤ ደጅ ይቀመጣሉ። ቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን አይሰማቸውም፤ መስማትም አይጠበቅበትም። ተመልሰው ይመጣሉ። ምናልባት በሦስተኛው፣ ምናልባት በሰባተኛው ምልልስ አንድ ነገር ይለምናሉ፦ እርቅ ሳይሆን ቀጠሮ። እስከዚህ ቀን ድረስ ማንም እጁን አያንሳ። ቀጠሮው ከተገኘ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ ቂሙ አልበረደም፣ ጥይቱ ግን ቆሟል።

በቀጠሮው መሀል አበጋሮቹ በሁለቱ ወገን መሀል ይመላለሳሉ። የሙያው ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሟች ወንድም በንዴት የተናገረውን ስድብ ለገዳዩ ወገን አያደርሱም፤ ከስድቡ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ግን ያደርሳሉ። የገዳዩ አባት በኩራት ያለውን አይናገሩም፤ በኩራቱ ሥር ያለውን ፍርሃት ግን ለሟች ወገን በሚገባው ቃል ይነግሩታል። ይህ ውሸት አይደለም። አበጋሩ የሚያጣራው የሰውን ፍላጎት ከሰው ቁጣ ለይቶ ነው። ቁጣው እዚያው የተናገረው ሰው ደጅ ይቀራል።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚገናኙት ነገሩ ከሞላ ጎደል ካለቀ በኋላ ነው። ያን ቀን ወዳጃ ይደረጋል፤ ዱዓው፣ ቡናው፣ ጫቱ፣ ዕጣኑ ይቀርባል። ተናጋሪው እስኪጨርስ ማንም አይናገርም፤ ሲጨርስም የቀረው እንዳለ ይጠየቃል፤ በልቡ የቀረ ነገር ይዞ የተነሳ ሰው እርቁን ያፈርሰዋልና። ካሣው ይቆረጣል፣ ከብት ይታረዳል፣ መሐላ ይፈጸማል። መሐላው ላለፈው ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ነገር ላይ ክፉ ቃል የሚናገር፣ የሟችን ስም እያነሳ የሚያነሳሳ ሰው በእርግማኑ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ ልጅ ለልጅ ይዳራል፤ ጠላት የነበሩት ቤተሰቦች በዚህ ይዛመዳሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአበጋሩ ትዕግሥት ነው። ዘመናዊ ችሎት ለውሳኔ ይቸኩላል፤ አበጋር ለውሳኔ አይቸኩልም፣ ለቀጠሮ ግን ይቸኩላል። በግጭት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መገዛት ያለበት ጊዜ መሆኑን ያውቃል።

ይህን መሰል ብልሃት በራያም አለ፤ በራያና በአፋር ድንበር ላይ አቦ ገረብ የሚባሉት ሸምጋዮች ተመሳሳይ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ትላልቆቹ መንግሥታትም ቢሆኑ ይህን ትምህርት የተማሩት ዘግይተው ነው። በጥቅምት 1955 ዓ.ም. በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ዓለምን ለኒውክሌር ጦርነት አፋፍ ሲያደርሱ የመሪዎቹ ደብዳቤ ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው ለመድረስ፣ ለመፈታትና ለመተርጎም በርካታ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሁለቱ ወገኖች በዋሽንግተንና በሞስኮ መሀል ቀጥታ መስመር ለመዘርጋት ተስማሙ። ብዙ ሰው ያ መስመር ስልክ ይመስለዋል። ስልክ አልነበረም፤ ጽሑፍ የሚያስተላልፍ ማሽን ነበር። ድምፅ በንዴት ይናወጣል፣ ቃልም በችኮላ ይተረጎማል ተብሎ ተፈርቶ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ይጽፋል፣ ተቀባዩ ረጋ ብሎ ይተረጉማል። ከአፋር በረሃ ተነስቶ የመጣ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ አይገርመውም ነበር።

ወደ ሰንበቴ ስንመለስ፣ በዙሪያዋ የሚነሳው ጸብ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ግልጽ ነው፤ ውሃና ሣር። ቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወርዶ በከሚሴ በኩል ሲያልፍ የጨፋን ረግረግ ይሠራል። በበጋ ሁሉ ነገር ሲደርቅ ጨፋ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ከብት ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ ነው። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በተባበሩት መንግሥታት በኩል የወጣ ዘገባ 50 ሺህ አርብቶ አደሮችና 200 ሺህ እንስሳት ጨፋ ውስጥ ተጠግተው እንደነበር መዝግቧል። ሁለት መቶ ሺህ ከብት በአንድ ሸለቆ፣ ያውም ገበሬ እህል በዘራበት ሸለቆ! በእንደዚህ ያለ ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው ከከብቱ በፊት ሰው መምጣቱ ነው። ሽማግሌ ቀድሞ መጥቶ ከብቱ በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ማሳ እንዳልታጨደ፣ ሰብል የተበላ እንደሆነ ማን እንደሚክስ ከተነጋገረ ድርቁ ድርቅ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ከብቱ ቀድሞ ሽማግሌው ከተከተለ ግን የሚቀድመው ጥይት ነው።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን አልተዳከመም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅና የገበሬ ማኅበራት ከነፍርድ ሸንጎአቸው ሲቋቋሙ ብዙው የመሬት ክርክር ከሽማግሌ እጅ ወጣ። ለጭሰኛው አዋጁ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በድንበር ተሻጋሪው ጸብ ላይ ሸንጎው የአበጋሩን ቦታ መተካት አልቻለም፤ ሥልጣኑ ከማኅበሩ ክልል አያልፍምና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የባህልና የሃይማኖት ፍርድ ቤቶችን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ብቻ ፈቀደ። የነፍስ ጉዳይ ወንጀል ስለሆነ የመንግሥት ነው። በተግባር ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም አበጋሩን ይፈልጉታል፤ ወንጀለኛው ታስሮ ቢፈረድበትም የሁለቱ ቤተሰብ ደም በፍርድ ወረቀት እንደማይደርቅ ያውቃሉ። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ሲያቋቁም ለዚህ ክፍተት አንድ መልስ ሰጥቷል፤ ሰንበቴ ግን በአማራ ክልል ውስጥ ስለሆነች አዋጁ አይመለከታትም።

ከሕጉ በላይ የጎዳው ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌ በስብሰባ አዳራሽ እየተጠራ፣ አስቀድሞ የተጻፈ የአቋም መግለጫ ላይ እየፈረመ፣ ለአንዱ ወገን ባለሥልጣን ቀርቦ ሲታይ ክብሩ ይቀንሳል። የአበጋር ኃይል ከማንም አለመሆኑ ነበር። በመድረክ የተሾመ ሽማግሌ ለጭብጨባ ይበቃል፤ በሌሊት ወደ ሟች ቤት ደጅ ሄዶ ለመቀመጥ ግን አይበቃም።

ከዚያ ስልኩ መጣ። በእጅ ስልክ የሚመጣ ወሬ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው ተብሎ አይጠየቅም። ፎቶው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ዓመት እንደተነሳ፣ ማን እንደላከው የሚያጣራ የለም። ዳጉ በተወለደበት ምድር ዳጉን የማያውቅ ወሬ ነገሠ።

በመጋቢት መጨረሻ 2011 ዓ.ም. አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴና አካባቢያቸው በግጭት ተናወጡ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. እንደገና፣ በሚያዝያም ከዚያ በባሰ ሁኔታ፤ የአጣዬ ቤቶችና ሱቆች ነደዱ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ፣ በአካባቢው ኮማንድ ፖስት ተቋቋመ። በጥር 2015 ዓ.ም. ጀውሃና ሰንበቴ ራሳቸው የግጭቱ መሀል ሆኑ። የሞቱት የሁሉም ወገን ልጆች ናቸው፦ ኦሮሞም፣ አማራም፤ ገበሬም፣ ነጋዴም፣ ፖሊስም። ማን ጀመረው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚበልጠው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ በነበሩት ሰዓታት ማን ከማን ጋር ተነጋገረ?

በእነዚያ ቀናት የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ተዘጋ። ጣሊያን የጣርማ በርን ዋሻ በርቅሶ የሠራው ይህ መንገድ ሲዘጋ የሚቆመው የጭነት መኪና ብቻ አይደለም። ነጋዴው አይወጣም፣ ደላላው አይመላለስም፣ እሑድ ገበያ አይቆምም። ገበያ በሌለበት ሳምንት አንዱ መንደር ስለ ሌላው የሚያውቀው በስልክ የደረሰውን ብቻ ነው። በሰንበቴ አደባባይ አብሮት ቡና የጠጣውን ሰው ፊት አይቶ ቢሆን ኖሮ የማያምነውን ነገር ቤቱ ተቀምጦ ያምነዋል። የመንገድና የገበያ መዘጋት የግጭት ውጤት ብቻ ተደርጎ ይነገራል፤ ግጭቱን የሚያባብስም ሊሆን ይችላል። ጸጥታ አስከባሪ ኃይል መንገድ ሲዘጋ ሕይወት ለማዳን ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌው የሚያልፍበትን ቀዳዳ አብሮ ከዘጋ ግን ቀጣዩን ግጭት ያዘጋጃል።

ሥርዓቱ ሞቷል ማለት አይቻልም። ከየግጭቱ በኋላ የሁለቱ አጎራባች ዞኖች፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና የሰሜን ሸዋ፣ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ደጋግመው ተቀምጠዋል። ሰዎች ወደ ገበያ የተመለሱት መግለጫ ስለተሰማ አይደለም፤ የሚያውቁት ሽማግሌ ሂዱ ስላላቸው ነው። ግን ይህ ሁሉ ከእሳቱ በኋላ የሚመጣ ነው። አበጋር የተሠራው ለመጀመሪያዋ ምሽት ነበር።

ስለዚህ ለከሚሴና ለደብረ ብርሃን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና በዚያ መንገድ ላይ ለተሰማሩ የጸጥታ አዛዦች የሚቀርብ ጥያቄ አለ። በዚህ አገር የሚነሳው ጸብ አያልቅም፤ ግጦሹ ጠባብ ነው፣ መሣሪያው ብዙ ነው። ነገር ግን ጸብ በተነሳ ሰዓት በሁለቱም በኩል ሊያልፉ የሚችሉ፣ ማንም የማይነካቸው፣ ስማቸው አስቀድሞ የታወቀ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ይኑሩ፤ መንገድ ሲዘጋም ለእነሱ ክፍት ይሁን። ሽማግሌውን ለስብሰባ ድምቀት አትጥሩት። የወሎና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎችም የአበጋሮችን የቀጠሮ ሥርዓት፣ የመሐላውን ቃል፣ የእርቁን ቅደም ተከተል የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ይመዝግቡት። የጨፋን ግጦሽ ድርድር በየዓመቱ በበጋ መግቢያ፣ ከብቱ ሳይነሳ ማድረግ ይቻላል።

እናም እርስዎ አንባቢ፣ ዘመድዎ በአጣዬ ወይም በሰንበቴ ካለ፣ በስልክዎ ክፉ ወሬ ሲደርስዎ ለሌላ ከማሳለፍዎ በፊት ላኪውን ይጠይቁት፤ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?